በክረምት የተራቆተ ዛፍ

ከተማ ያሳደገው ሰው ዛፍን የሚያውቀው በጥላው ነው። ፀሐይ ሲበረታ ከሥሩ ይጠለላል፤ ፀሐይ ሲበርድ ይረሳዋል። ስሙን ቢጠይቁት «ዛፍ ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። እኔም በመምህርነትና በትምህርት ቤት አስተዳደር ከሃያ ዓመት በላይ ሳገለግል ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ባሕር ዛፍን በሽታው፥ ጽድን በቅርጹ፥ ግራርን በእሾኹ እለያለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን ግን «የጫካ ዛፍ»፥ «የቆላ ዛፍ» እያልሁ በጅምላ እጠራው ነበር። ይህ አለማወቄ ማንንም የሚጎዳ አይመስለኝም ነበር። በሐዋሳ ከተማ ያሳለፍሁት አንድ የክረምት ቀን ግን እንደ ጎዳ አሳየኝ፤ የጎዳውን ሰውም ከመስተዋት ይልቅ አጥርቶ አስታወቀኝ። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ፥ ጥቂት የባዮሎጂ መምህራን ተሰብስበው፥ መምህራንና ተማሪዎች አገር በቀል ዛፎችን በእግር እየዞሩ የሚማሩበት አንድ ቀን አሰናዱ። መሪያችን ዕድሜያቸውን በደን ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ሽማግሌ ነበሩ። እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ተማሪዎቹ «አባባ» ይሏቸዋል። ሐዋሳ ለእንዲህ ያለው ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ከፍ ብላ፥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በስሟ ከሚጠራው ሐይቅ ዳር ተቀምጣለች። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመውና ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅም ከእርሷ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በሐዋሳ ዛፍ የሚያውቅ ሰው አይታጣም፤ የሚታጣው የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጥሪው በደረሰኝ ጊዜ በወሩ ላይ ተቃውሞ ነበረኝ። መንገዱ ጭቃ፥ ሰማዩ ደመና፥ ዛፉ ያለ አበባ በሆነበት ወር ምን ሊታይ ነው? ጠዋት በተገናኘንበት ቦታ ይህንኑ ለሽማግሌው ነገርኋቸው። ፈገግ ብለው፥

«በበጋ እኔ አላስፈልግህም» አሉኝ። «በበጋ ዛፉ ራሱ ይናገራል። ዋንዛው ነጩን አበባ፥ ኮርቹ ቀዩን፥ ብርብራው ሐምራዊውን አውጥቶ ስሙን ይጠራልሃል። በክረምት ግን ሁሉም አንድ ዐይነት አረንጓዴ ለብሶ ዝም ይላል። ዛፍን ዝም ባለበት ወራት ያወቀ ሰው፥ ዓመቱን ሙሉ ያውቀዋል።»

ቀጥለውም በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የዛፍ ተማሪዎች በበረዶው ወራት፥ ቅጠል ሁሉ በረገፈ ጊዜ እንደሚወጡ፥ እያንዳንዱንም ዛፍ በቅርፊቱና በእንቡጡ መለየት እንደሚማሩ ነገሩን። «የእነርሱ ክረምት ያራቁታል፤ የእኛ ክረምት ያለብሳል። ፈተናው ግን አንድ ነው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፥ «የእኛም ክረምት ቢሆን ሁሉን አያለብስም፤ እርሱን በኋላ እናያለን» ብለው ጉዞ ጀመሩ። ያን ጊዜ የመጨረሻውን ቃል ልብ አላልሁትም።

የተነሣነው ከአሞራ ገደል ነው። ሐዋሳን ያየ ሁሉ ይህን ቦታ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ፤ አባ ኮዳዎቹም ረጅም ኮታቸውን እንደ ለበሱ ዳኞች ቆመው የድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ከበላያቸው በታላላቆቹ ዛፎች ላይ ጉሬዛዎች ጥቁርና ነጭ ጠጕራቸውን እያወዛወዙ ይዘላሉ። ከተማይቱ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሆነ፥ ከእነዚህ ዛፎች ውስጥ ከከተማይቱ በዕድሜ የሚበልጡ አሉ። ይህን ሽማግሌው በነገሩን ጊዜ አንድ ተማሪ ባርኔጣውን ሲያወልቅ አየሁ፤ ምናልባት ሞቆት ይሆናል፤ እኔ ግን ለአክብሮት ነው ብዬ ወሰድሁት።

ሽማግሌው አንድ ሕግ አወጡ። «ማንም ወደ ላይ ቀና ብሎ ቅጠል እንዳያይ። መጀመሪያ ግንዱን ዳስሱ፤ ቀጥሎ አሽትቱ፤ ዐይን የሚመጣው በመጨረሻ ነው።» ብዙዎቻችን ዐይናችንን ብቻ ይዘን ስለ መጣን አፈርን።

የመጀመሪያው ባምባ ነበር። ግንዱ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፥ እጅ ሲነካው ልስልስ ያለ ነው። ሽማግሌው ከቀንበጡ ጫፍ አንድ ቅጠል ቀነጠሱ፤ ወዲያው ነጭ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። «ሾላ፥ ባምባ፥ ዋርካ ሁሉ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው፤ የቤቱ ምልክት ይህ ወተት ነው» አሉ። ቅጠሉ በነበረበት ቦታም ቀንበጡን እንደ ቀለበት የከበበ ጠባሳ አሳዩን። አንዲት ተማሪ አበባው የት እንዳለ ጠየቀች። ከመሬት አንድ ፍሬ አንሥተው ለሁለት ከፈሉት፤ አበባው ከውስጥ ተደብቆ ተገኘ። በፍሬው ጫፍ ባለች በመርፌ ቀዳዳ የምትመሰል በር አንዲት ደቃቅ ተርብ ገብታ ካላዳቀለችው በቀር ዛፉ ዘር እንደማያፈራ በነገሩን ጊዜ፥ ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁት ፍሬ የአበባ ቤት መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ተማርሁ።

ሁለተኛው ዋንዛ ነው። በሲዳምኛ ዋዲቾ ይባላል። ቅጠሉ ሰፊ ሆኖ፥ የላይኛው ገጹ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። «የድመት ምላስ ይመስላል» አለች ያችው ተማሪ። ሽማግሌው፥ «ጎሽ፥ እንግዲህ ጨለማም ቢሆን አይጠፋሽም» አሏት። ከዋንዛ ምን እንደሚሠራ ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም፤ በሩም፥ ከበሮውም፥ ወንበሩም፥ ሙቀጫውም ከእርሱ ነው። እኔ ግን በዋንዛ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሃያ ዓመት ስጽፍ፥ ቆሞ ያለውን ዋንዛ በመንገድ ብገናኘው አላውቀውም ነበር።

ከዚያ ብሳናን ተማርን። በአረንጓዴው መካከል አንድ ወይም ሁለት ብርቱካን መልክ የያዙ ቅጠሎች ሁልጊዜ አይታጡበትም። ቅጠሉ ሲገለበጥ ብር ይመስላል፤ ከአገዳው ጋር በሚጋጠምበት ቦታም ሁለት ነጠብጣብ የመሰሉ ዕጢዎች አሉት። ብርብራንም አየን፤ ይህ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በራሱ የማይበቅል ዛፍ ነው። የጥንት ሰዎች ፍሬውን ወቅጠው በውሃ ላይ በመበተን ዓሣ ያደነዝዙበት ነበር። ይህን የሰማነው ዓሣ ከሚሸጥበት አፋፍ ላይ ቆመን ስለ ነበር፥ በጣም ተገረምን።

ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ሽማግሌው ሌላ ጥያቄ አመጡ፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ያሉትን ዛፎች እንድንቆጥር አዘዙን። ቆጠርን። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ከማዳጋስካር፥ ጃካራንዳው ከደቡብ አሜሪካ፥ ግራቪሊያው ከአውስትራልያ የመጣ ነው። ባሕር ዛፍም በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራልያ ተወላጅ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። በቆጠርነው ሁሉ ውስጥ የአገሩን ልጅ ለማግኘት ብዙ መራመድ አስፈለገን። አንድ ወጣት መምህር በቁጣ፥ «እነዚህን ነቅሎ መጣል ነው!» አለ። ሽማግሌው ግን አልተስማሙም። «እንግዳን ማክበር ወጋችን ነው። ጥላ ሰጥተውናል፤ ቤት ሠርተንባቸዋል። ነገር ግን የእንግዳውን ስም እያሳመሩ እየጠሩ የቤቱን ልጅ ስም መርሳት ነውር ነው» አሉት።

እኩለ ቀን ሲሆን ጉዱማሌ ደረስን። ሲዳማዎች የዘመን መለወጫቸውን ፊቼ ጨምበላላን በአደባባይ የሚያከብሩበት ቦታ ይህ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ተጽፏል። ከጥላ ሥር ተቀምጠን ምሳችንን ስንበላ ሽማግሌው አንድ ነገር አስታወሱን። በዚህ በዓል ላይ ሽማግሌዎች ለሕዝቡ ምክር ይሰጣሉ፤ በርትቶ መሥራትን፥ ታላቅን ማክበርን ያዝዛሉ፤ ስንፍናን፥ ልመናን፥ ስርቆትንና የሐሰት ምስክርነትን ይከለክላሉ። ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚቆጠር አንድ ክልከላ አለ፤ ይኸውም አገር በቀል ዛፍን መቁረጥ ነው።

ዛፍ መቁረጥ ከሐሰት ምስክርነት ጋር በአንድ ተራ መቆሙ በመጀመሪያ ጊዜ አስገረመኝ። የቀኑ መጨረሻ ሲደርስ ግን ሁለቱ እንዴት እንደሚዛመዱ በራሴ ሕይወት አየሁት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል በመኪና ከከተማው ወጣ ብለን ወደ አንድ የገበሬ ማሳ ሄድን። በቆሎው ከሰው ቁመት አልፎ ነበር። ዙሪያው ሁሉ እርጥብና ለምለም ነው። ከማሳው መካከል ግን አንድ ታላቅ ዛፍ አንድም ቅጠል ሳይኖርበት፥ ነጫጭ ቅርንጫፎቹን ወደ ደመናው ዘርግቶ ራቁቱን ቆሟል። ሽማግሌው ከማሳው ዳር አቁመውን፥

«ይህን ዛፍ ምን እንበለው?» አሉ።

«ደርቋል» አልን በአንድ ድምፅ።

«ይቆረጥ የሚል እጁን ያንሣ።»

ከሃያ ሰው የማያንሱት እጃቸውን አነሡ። እኔ አላነሣሁም። ስላወቅሁ አይደለም፤ ያን ዛፍ ከዚህ ቀደም አንድ ቦታ ያየሁት ስለ መሰለኝ፥ እጄም ከበደኝ።

ሽማግሌው በበቆሎው መካከል አልፈው ወደ ግንዱ ተጠጉ፤ በሰንጢያቸውም ከአንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ቅርፊቱን በጥቂቱ ፋቁት። ከሥሩ እንደ ሣር የለመለመ አረንጓዴ ታየ። ማንም አልተናገረም። ከዚያ ያሳዩንን ሁሉ እንደሚከተለው እጽፋለሁ፤ አንባቢም በመንገዱ ቢያገኘው እንዲያውቀው ነው።

ቀንበጡ ነጣ ያለ ሆኖ፥ ቀጥ ብሎ አያድግም፤ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። እሾኹ ቀጥ ያለና ሁለት ሁለት ሆኖ የበቀለ ነው። አበባው እንደ ብዙዎቹ ግራሮች ክብ ሳይሆን እንደ ጣት ረዘም ያለና ወተት መልክ ነው። ፍሬው ብርቱካን መልክ ኖሮት፥ ደርቆ የተጠቀለለ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ጠባዩ ነው። ዝናብ ሲገባ፥ ዛፍ ሁሉ ሲለብስ፥ እርሱ ቅጠሉን ያራግፋል። ዝናብ ወጥቶ ምድር ስትደርቅ፥ ሌላው ሲራቆት፥ እርሱ ይለብሳል። ሥሩን እጅግ አጥልቆ ከመሬት በታች ካለው ውሃ ስለሚጠጣ በጋ አያስፈራውም።

«አሁን ደግሞ በቆሎውን እዩ» አሉን። አየን። ከዛፉ ሥር ያለው በቆሎ ከሌላው ይልቅ የጠቆረና የወፈረ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዛፉ በክረምት ቅጠል ስለሌለው ከሰብሉ ፀሐይ አይሻማም፤ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ ሥሩም ከአየር የሚገኘውን ናይትሮጅን ለአፈር ይሰጣል። በበጋ ከብቱ ከጥላው ሥር ያርፋል፤ ፍሬውን ይበላል፤ ፋንድያውንም በዚያው ይጥላል። ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ማላዊና ዛምቢያ ድረስ ያሉ ገበሬዎች ይህን ዛፍ ከማሳቸው መካከል ጠብቀው የሚያኖሩት ስለዚህ ነው። የሳይንስ ስሙ ሴኔጋልን ይገዛ ከነበረ ፌዴርብ ከሚባል የፈረንሳይ ጄኔራል የተወሰደ ነው። የእኛ ሰዎች ግን ጄኔራሉ ሳይወለድ በፊት ስም ሰጥተውታል፤ በትግራይ ሞሞና ይሉታል፤ በኦሮምኛ ገርቢ።

ገርቢ! ይህን ስም ስሰማ እግሬ ከጭቃው ጋር የተጣበቀ መሰለኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሰምቼው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ምክትል ዲሬክተር ነበርሁ። በግቢው መካከል አንድ ትልቅ ዛፍ ቆሞ ነበር። የተሾምሁት በሰኔ ስለ ነበር፥ ዛፉን መጀመሪያ ያየሁት ራቁቱን ነው። ሐምሌ ሲገባ ግቢው ሁሉ ለምልሞ እርሱ ብቻ እንደ አጥንት ቀረ። የሥራ ትጋቴን ለማሳየት የምቸኩልበት ዘመን ነበርና፥ ኮሚቴ ሰብስቤ ቃለ ጉባኤ አስያዝሁ። «በግቢው ውስጥ የሚገኘው አንድ ደረቅ ዛፍ ወድቆ በተማሪዎች ላይ አደጋ ሊያደርስ ስለሚችል፥ ተቆርጦ ለማገዶ እንዲሸጥ» የሚል ነበር። ማኅተም አደረግሁበት፤ ፈረምሁም።

በማግሥቱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«ዲሬክተር፥ ያ ዛፍ እኮ ገርቢ ነው። ክረምት ክረምት እንዲህ ይሆናል» አለኝ።

«ታዲያ ሌሎቹ ለምን እንዲህ አልሆኑም?» አልሁት።

«እነርሱ ገርቢ አይደሉማ።»

እኔ ሣቅሁ። ከእኔ ጋር የነበሩትም ሣቁ። መልሱ የሞኝ መልስ መስሎን ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ከዚያ የበለጠ የተሟላ መልስ ማንም ሊሰጠኝ አይችልም ነበር። እርሱ እያንዳንዱን በየስሙና በየጠባዩ ያውቃል፤ እኔ ደግሞ «ዛፍ» በሚል አንድ ቃል ሁሉን ጠቅልዬ፥ ከብዙኃኑ የተለየውን በሞት ፈረድሁበት።

ሁለት ቀን ሙሉ ተቆረጠ። ቆራጮቹ «እርጥብ ነው፤ መጥረቢያ ያዘብን» እያሉ ዋጋ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ፤ ጨመርንላቸው። የሰው ልብ ከደነደነ ምልክት አያስተምረውም፤ የእንጨቱ እርጥበት እንኳ አላስጠረጠረኝም። የካቲት በደረሰ ጊዜ ሙቀቱ በረታ። ነባሮቹ መምህራን «ወትሮ በዚህ ወራት ልጆቹ ከዛፉ ሥር ነበር የሚያርፉት» ይሉ ጀመር። እኔም ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጽፌ የቆርቆሮ ዳስ መሥሪያ ገንዘብ ለመንሁ። ተፈቀደ። ዳሱም ተሠራ። በየካቲት ፀሐይ ከቆርቆሮ በታች የተቀመጠ ሰው የሚያገኘውን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልጆቹ ዳሱን ትተው በግድግዳ ጥግ ይቆሙ ነበር። በዓመቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርሁ፤ ነገሩንም ረሳሁት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ስሙን ያልያዝሁት ዛፍም አልጸጸተኝም።

ከማሳው ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጥሁና ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። ይገሥጹኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዘበኛው በሕይወት አለ?»

«አላውቅም፥ ጋሼ።»

«ዛሬ መሪ አድርገን ማምጣት የነበረብን እርሱን ነው። እኔ ገርቢን ያወቅሁት በሠላሳ ዓመቴ ከመጽሐፍ ነው» አሉ። ከዚያ እስከ ከተማው ድረስ አልተነጋገርንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አሰብሁ። በአገራችን ዕውቀት ጠፍቷል ማለት አይቻልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ስብስብ የአገሪቱን ዕፅዋት በየዐይነቱ ይዞ ይኖራል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 በ8 ጥራዞች ተፈጽሟል፤ በውስጡም ስድስት ሺህ ያህል የዕፅዋት ዐይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ከአሥሩ አንድ ያህሉ በዚህ ምድር ብቻ የሚገኙ ናቸው። በዚህ በኩል መጽሐፉ አለ። በወዲያ በኩል ደግሞ ዘበኛው፥ ገበሬው፥ እረኛው አለ። በመጽሐፉና በዘበኛው መካከል ያለነው እኛ ነን፤ ማኅተም የያዝነው፥ ቃለ ጉባኤ የምንጽፈው። ከሁለቱ ወገን ያልጠየቅን እንደ ሆነ ባዶዎቹ እኛ ነን። የጉዱማሌ ሽማግሌዎች ዛፍ መቁረጥንና የሐሰት ምስክርነትን አብረው መከልከላቸውም ያን ጊዜ ገባኝ። «አንድ ደረቅ ዛፍ» ብዬ የፈረምሁት ቃል የሐሰት ምስክርነት ነበርና። «አንድ ገርቢ» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ከኮሚቴው አንዱ «ገርቢ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ፥ ዛፉም በዚያ ጥያቄ መዳኑ አይቀርም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር ወደዚያ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ዛፉ የነበረበት ቦታ የሰንደቅ ዓላማ መስቀያ ሆኗል። ዳሱ አሁንም አለ፤ ቆርቆሮው ዝጓል። ዘበኛው ጡረታ ወጥተው በአቅራቢያው እንደሚኖሩ ነገሩኝ። ቤታቸው ሄድሁ። ሸብተዋል፤ ግን ወዲያው አወቁኝ፤ ልጅ ልጃቸውን ቡና እንድታፈላ አዘዙ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፥

«አባባ፥ ስለ ገርቢው ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። «አስታውሳለሁ» አሉ። «ማገዶውን በመኪና ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ።»

ከዚህ በላይ ስለዚያ ነገር አልተናገሩም። እኔም ሌላ ቃል አላገኘሁም። ቡናው ከቀረበ በኋላ ግን፥ የመጣሁበት ጉዳይ ዘርንም እንደሚጨምር በገለጽሁላቸው ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ምርኵዛቸውን ይዘው ተነሡ፤ ከመንደሩ ጀርባ ባለ ማሳ ወዳለ አንድ ገርቢ ወሰዱኝ። በዚያ በሚያቃጥል ፀሐይ ላይ ቅጠሉን ለብሶ፥ ከሥሩ አሥራ አንድ ከብት አስተኝቶ ቆሟል። ፍሬው ረግፎ ነበር። «ዘሩ ልጣጩ ጠንካራ ነው፤ እንዲሁ ብትቀብሩት ቶሎ አይበቅልም። ከብት በልቶት ከፋንድያው ውስጥ ሲወጣ ነው የሚቀናው። ከብት ከሌለ በፈላ ውሃ ነክሮ ማሳደር ነው» ብለው አስተማሩኝ። እኔም ደብተሬን አውጥቼ እንደ ተማሪ ጻፍሁ።

የዛሬው የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ቅን ሰው ነው። ችግኙን የተማሪዎቹ ክበብ አፈላ፤ በሰኔም ስድስት ገርቢ ተተከለ። አዛውንቱ ዘበኛ መጥተው ከፍየል ለመከላከል እያንዳንዱን በእሾኽ አጠሩት። ለቃለ ጉባኤው አንድ አሳብ እንዳቀርብ ተፈቀደልኝና የዛፉ ስም በግልጽ እንዲጻፍ ጠየቅሁ፤ ተጻፈም። ከችግኞቹ አጠገብ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ተተክሏል። ጽሑፉን የመረጡት ዘበኛው ናቸው፤ ጽፋ የቀባችው ግን አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እንዲህ ይላል፦

«ስሜ ገርቢ ነው። በክረምት ብታዩኝ አልሞትሁም።»